አራፊ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ ኮዬ ፈጬ ዳር፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከስንዴ ማሳ ጋር
መስኮቴ ሲያወጋ፣
ላፕቶፔን ከፍቼ ሌሊቱ እስኪነጋ
ሊግ እሠራለሁ።

አሥራ አምስት ዩኒቨርሲቲ፣ አሥራ አምስት ቡድን፣
አሥራ አምስት አሠልጣኝ በሐሳብ የሚባዝን፣
የሌለ ተመልካች፣ የሌለ ሜዳ ሣር፤
የውሸት ጨዋታ በእውነት መርሐ ግብር።

ማሽኑ በራሱ ያወጣል ድልድሉን፣
በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ ሳምንቱን።
ግን ማሽን ምን ያውቃል?
ጅጅጋን እሑድ ለት ጎንደር ያጫውታል፣
ረቡዕ ከአርባ ምንጭ፣ ቅዳሜ ሰመራ፤
እግር ይዞ የመጣን ቆጥሮት እንደ አሞራ።

ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው ከታች ያለው ጎረቤቴ።
ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶብስ የነዱ፣
ተማሪ፣ ተጫዋች፣ ሬሳም የወሰዱ፣
ጡረታ ሲወጡ ዕጣ የደረሳቸው፣
ከመንገዱ ሁሉ ደረጃ የቀራቸው።

ውሃ ስንጠብቅ ነው የተዋወቅነው።
ለውሃም ፕሮግራም አለ፤ ማክሰኞና ዓርብ ነው
ይላል የብሎኩ በር ላይ የተለጠፈው።
ውሃው ግን አያነብም። እሑድ፣ ሌሊት ዘጠኝ፣
ቧንቧው ሲያስል ነው ከእንቅልፍ የሚያስነሣኝ።

እንዲህ ባለ ሌሊት፣ ጀሪካን ላይ ተቀምጠን፣
ድልድሌን አሳየኋቸው።
መነጽር ወልውለው ዝም ብለው አነበቡ፣
ጣታቸው ስክሪን ላይ፣ መንገድ እያሰቡ።

«ይኼን ያወጣው ሰው ዓባይን ወርዷል ወይ?
ፍሬን ሲግል ሽታው ምን እንደሚል ያውቃል ወይ?
ከጅማ ጎንደር ድረስ በሁለት ቀን፣ በማታ?
ሹፌሩ መች ይተኛ? ጎማው መች ይፈታ?
አንገታቸው ታጥፎ ወንበር ላይ ያደሩ
በማግሥቱ ሜዳ ላይ እንዴት ነው 'ሚበሩ?
ደግሞ ጥር አሥራ አንድ ጎንደር ላይ ጨዋታ?
አልጋ ከየት መጥቶ፣ ከየት ይገኝ ቦታ?
እንዲያው ለመሆኑ ተማሪም አይደሉ?
ፈተና ሲደርስስ የት ሜዳ ይውላሉ?»

ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ፤ እንደገና ጻፍኩ።
የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ ጨመርኩ፣
የወለጋን ዝናብ፣ የሐረርጌን ኬላ፣
ለሰመራም ጨዋታ ከፀሐይ በኋላ።
አንዱን ቡድን ስነካ ሦስቱ ይናጋሉ፤
ቤት ክዳን ሲያፈስ እንደሚጠግን ሰው፣
እዚህ ስደፍነው
እዚያ ይንጠባጠባል።

መብራት ሄደ። ከገለባው ክምር ወዲያ ጅብ ጮኸ።
የስክሪኑ ብርሃን ፊታቸው ላይ ቀረ።

«ይኼ ማነው?» አሉኝ፣ «ከታች የተጻፈው?
ዜሮ ተብሎ ሳለ በየሳምንቱ ያለው?»

«አራፊ ነው ጋሼ። ጎዶሎ ነንና።
አሥራ አምስት ለሁለት አይካፈልምና፣
እሱ የደረሰው ያን ሳምንት አይጫወትም።»

«አራፊ» አሉና አፋቸው ውስጥ አቆዩት፣
እንደ ከረሜላ።
ብዙ ቆይተው ነው የተናገሩት፦

«ልጄ ስትወለድ ደሴ፣ ስትዳር መተማ፤
እናቴም ስታርፍ እኔ ስቀይር ጎማ።
ይኼ አራፊ 'ምትለው፣ አንዴም በእኔ ዕጣ
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በስሜ አልወጣ።»

መልስ አልነበረኝም። ባትሪውም ቀይ ሆነ።
ሴቭ አድርጌ ዘጋሁ።
ያን ጊዜ ቧንቧው አሳል ጀመረ፤
አንዱ ከሦስተኛ ፎቅ «መጣ!» ብሎ ጮኸ፤
ሰፈሩ በነጠላ ጫማ ተንጫጫ።
የእሳቸውን ጀሪካን እኔ ተሸከምኩ፤
«ቀስ በል፣ ኩርባ አለ» አሉኝ፣ ደረጃው ላይ።

ከዚያ ወዲህ ሊጌ ውስጥ ዜሮ 'ሚባል የለም።
ወንድይፍራው ነው ስሙ። ሜዳ የለው፣ ቀለም
የለው፣ ማሊያ የለው።
አሥራ አምስቱም ቡድን በየተራ ይገጥመዋል፤
ማንንም አያሸንፍ፣ ማንስ ያሸንፈዋል።
እሱ የደረሰው አውቶብስ አይሳፈርም፤
አንገቱን ወንበር ላይ አጥፎ አያድርም።

አሁን ሰባተኛ ሳምንት ነው። ተራው የዲላ ነው።
ዲላ ተኝቷል።
ሹፌሩም።